በአሶሳ ለመንገድ ጎኑን የሰጠው ቤት

ከምግብና ከልብስ ቀጥሎ ለሰው ልጅ የሚያስፈልገው መጠለያ መሆኑን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያልተማረ አንባቢ ይኖራል ብዬ አልገምትም። ዳሩ ግን መምህራችን ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈው ሲያስገለብጡን፣ መጠለያው ከምን ይጠልላል ተብሎ የተጠየቀ እንደ ሆነ ምን ብለን እንደምንመልስ አልነገሩንም። ደጋ ላይ ያደገ ልጅ «ከብርድ» ይላል። የአሶሳ ልጅ ግን «ከፀሐይ» ማለት ይገባዋል። እኔ ይህን ልዩነት ልብ ሳልል ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ጂኦግራፊ ተምሬ፣ ዲግሪዬን ተቀብዬ ወጣሁ። ካባውን ካወለቅሁ በኋላ ያስተማረኝ አንድ የክፍል ጓደኛዬ በአሶሳ ከተማ የጀመረው ቤት ነው።

ጓደኛዬ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለትዳርና የአንድ ልጅ አባት ነው። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። ምክንያቱን ብጠይቀው፣ «ቤቱ የፈረሰ እንደ ሆነ በጋዜጣ እንዳልዋረድ ነው» አለኝ። ስለዚህ ወዳጄ እያልሁ እቀጥላለሁ።

የወዳጄ አባት በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ባራቆተ ጊዜ ከሀገራቸው ተነሥተው በአሶሳ ዙሪያ ከሰፈሩት ሰዎች አንዱ ናቸው። በአካባቢው ካሉት የሰፈራ መንደሮች አያሌዎቹ ዛሬም አምባ እየተባሉ በቁጥር ይጠራሉ። ወዳጄም የተወለደው ቁጥር ካላቸው ከነዚህ አምባዎች በአንዱ ነው። መቼም ሰው ሲሰደድ ይዞት የሚመጣው ዕቃ ጥቂት ቢሆንም የቤት አሠራሩን ግን ትቶት አይመጣም። ከወሎ የመጡትም ሰዎች የሠሩት የወሎን ቤት ነው። እንጨቱ ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ፣ ጭቃው በሚገባ የተመረገ፣ በሩ አንድ፣ መስኮቱ ደግሞ ቢኖርም ባይኖርም ያው የሆነ ቤት ነው። ለደጋ ብርድ ይህ ጥበብ ነው። በአሶሳ ግን ሙቀቱ ከገባ በኋላ መውጫ ያጣል፤ የባሕር ዛፉን ምሰሶም ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። በምዕራብ ኢትዮጵያ ምስጥ ምን ያህል የቤት ጠላት እንደ ሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። ዘንድሮ የቆመው ምሰሶ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ቅርፊቱ ብቻ ቆሞ ይገኛል።

የሀገሩ ነባር ሕዝብ በርታዎች ደግሞ ቤታቸውን በሽመል ይሠራሉ። ሽመል ስንል ዱላውን ብቻ የምናስብ ብዙዎች ነን፤ ዱላው የሚቆረጠው ከቆላ ቀርከሃ ነው። ይህ ዐይነት እንደ ደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ አይደለም፤ ድፍን ነው፤ ስለዚህም ጠንካራ ነው። ተሰንጥቆ እንደ ቅርጫት የተጠለፈው ግድግዳ ነፋስ ያሳልፋል፣ ወፍራሙ የሣር ክዳን የፀሐይን ግለት ያግዳል፤ ሰው በቀትር ገብቶ ሊያርፍበት ይችላል። እሳት ይፈራል፣ ሣሩም በየጥቂት ዓመቱ መታደስ አለበት፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን የሀገሩን ፀሐይ የሚያውቅ ቤት ነው።

ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ዝናብ አያስገባም፣ እሳት አይበላውም፣ ምስጥ አይነካውም፤ በየዓመቱም ሣር እጨዱልኝ አይልም። ስለዚህ ሕዝቡ ቆርቆሮን መውደዱ አያስደንቅም። ከጊዜ በኋላ ግን ባለ ቆርቆሮ ቤት መባል ራሱን የቻለ ማዕርግ ሆነና፣ ከሥሩ የሚኖረው ሰው እንዴት ይተኛል ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። ወደ አሶሳ በአውሮፕላን የሄደ ሰው አውሮፕላኑ ለማረፍ ዝቅ ማለት ሲጀምር መጀመሪያ አረንጓዴውን ምድር ያያል፤ ቀጥሎ የቆርቆሮውን ብልጭታ ያያል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች ሌሊቷ ደግ ነው። ከጥር መጨረሻ እስከ ሚያዝያ ባሉት ወራት ግን ከቀትር በኋላ ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር መቀመጥ ለባለጋራ እንኳ የሚመኙት ነገር አይደለም።

(በቅንፍ አንድ ነገር ልጨምር። ቤት ከደጋ ወደ ቆላ ብቻ አልተጓዘም። የአሶሳው ገዥ ሼኽ ኾጀሌ አል ሐሰን በአዲስ አበባ መኖሪያ ነበራቸው፤ ዛሬ ሸጎሌ የምንለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከእሳቸው ነው። በሸጎሌ አውቶቡስ የሚሳፈር ስንት ሰው ይህን ያውቅ ይሆን?)

ወዳጄን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘሁት በጥቅምት ወር 2017 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ ከባለቤቱና ከስምንት ወር ልጁ ጋር በአንዲት የኪራይ ክፍል ይኖር ነበር። ክፍሏ ቆርቆሮ እንጂ ኮርኒስ የላትም። ዝናቡ እየቆመ ፀሐይ መበርታት የጀመረችበት ጊዜ ስለ ነበር ቀን ቀን ምንጣፍ ይዘው ከማንጎ ዛፍ ሥር ይወጡና ቤቱ እስኪበርድ ድረስ ምሽቱን እዚያው ያሳልፋሉ። የሕፃኑ አንገት በሙቀት ሽፍታ ቀልቶ ነበር። እኔም የከተማ ሰው እንደ መሆኔ መጠን ብልህ መስዬ፣ «ማራገቢያ አትገዛም ወይ?» አልሁት።

«ገዛሁ» አለኝ፤ «ማራገቢያው ያንኑ ትኩስ አየር መልሶ ፊታችን ላይ ይወረውረዋል።»

ስለ ኤሌክትሪክ ከተነሣ አይቀር አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ታላቁ የኅዳሴ ግድብ የሚገኘው በዚሁ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በጉባ ወረዳ ነው። የመሠረት ድንጋዩ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጥሎ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ኀይሉም 5,150 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ሁሉ ኀይል በደጃችን እያለ ስለ ምን እንቆጥባለን የሚል ወጣት ባለሥልጣን አጋጥሞኛል። ሒሳቡን እንመልከተው። የጣራ ማራገቢያ 70 ዋት ገደማ ይወስዳል። የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ግን ከ1,000 ዋት በላይ ይፈልጋል፤ ይህም ማለት የዐሥራ አምስት ማራገቢያ ያህል ነው። ጣራችንን በቀን እንደ ምጣድ አግለን፣ ያንን ግለት ለማስወጣት ማታ ኤሌክትሪክ መግዛት አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር ያሉትን ይመስላል። ሂሳቡን በየወሩ የሚከፍለውም ግድቡ ሳይሆን ደመወዝተኛው ነው።

ወዳጄ ያሰበው ቤት ማቀዝቀዣ የማይጠይቅ ቤት ነው። ባለሦስት ክፍል፣ ማድ ቤቱ ለብቻው የሆነ፣ ለሱና ለቤተሰቡ ተብሎ የተነደፈ መሆን ነበረበት። ነገር ግን ክርክሩ የተነሣው ገና አንድ ድንጋይ ሳይጣል ነው።

ቦታው በስተምዕራብ በኩል መንገድ ያዋስነዋል። ፕላን የሚነድፈው ባለሙያ ያመጣው ወረቀት በየከተማው የምናየው ነው፤ የቤቱ ረጅም ጎን ወደ መንገድ ይዞራል፣ ሰፋፊ የመስታወት መስኮቶች ይደረደሩበታል፣ በረንዳውም በዚያው በኩል ይሆናል። ይህ ማለት ቀኑን ሙሉ የጋለው ምድር ላይ የከሰዓት በኋላዋ ፀሐይ ተጨምራ፣ በመስታወቱ በኩል እስከ ሳሎኑ መጨረሻ ድረስ ትገባለች ማለት ነው። ወዳጄ ቤቱን ሩብ ዙር አዞረው። ረጅሞቹ ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ሆኑ፤ ወደ መንገድ የዞረው አጭሩ ጎን ብቻ ሆነ። እሱም መስኮት የለውም፤ ድፍን ግድግዳ ነው።

አባትየው ይህን በሰሙ ጊዜ ከአምባቸው ተነሥተው መጡ። የተተከለውን ካስማና የተወጠረውን ሲባጎ ዞር ዞር ብለው ተመለከቱና፣ «ልጄ» አሉት፤ «ለመንገደኛ ጎኑን የሚሰጥ ቤት ምን ይባላል? የተጣላ ሰው ይመስላል እኮ።»

እዚህ ላይ ሳቅ ያመለጠው አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። እኚህ ሰው ከራብ ሸሽተው በባዶ እጃቸው የመጡ ናቸው። ልጃቸው ተምሮ፣ ደመወዝ በልቶ፣ በከተማ ቤት ሲሠራ ለማየት አርባ ዓመት ጠብቀዋል። ያ ቤት ፊቱን ለአላፊ አግዳሚው ካላሳየ ለማን ነው የተሠራው? ቤት ሙቀትና ቅዝቃዜ ብቻ አይደለም፤ የባለቤቱን መድረስ ለጎረቤት የሚናገር ነገር ነው። ይህን የማይቈጥር ፕላን ግማሽ ፕላን ነው ብዬ አምናለሁ።

ወዳጄ አልመለሰላቸውም፤ ለእኔ ጥቅሻ ሰጠኝ። እኔም ዲግሪዬን ላሳይ ተነሣሁ። «ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለምታልፍ በደቡብ ያለው ክፈፍ ይርዘም፤ የሰሜኑ ግን ቢያጥርም ግድ የለም» ብዬ አስረዳሁ። በዚያ ያሉት ግንበኛ ዝም ብለው ካዳመጡኝ በኋላ የያዙትን ሽመል መሬት ላይ አቁመው፣ «በሰኔ የቀትር ጥላዬ የሚወድቀው ወደዚህ ነው» ብለው ወደ ደቡብ ጠቆሙኝ። ጥላ ወደ ደቡብ ከወደቀ ፀሐይዋ በሰሜን ናት ማለት ነው። የተማርሁበት መጽሐፍ በፈረንጅ ሀገር የተጻፈ ነበርና፣ እዚያ የቀትር ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ ናት።

አሶሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ላይ ነች። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በአናቷ ላይ ታልፋለች፤ አንደኛው በሚያዝያ 8 ቀን ገደማ፣ ሁለተኛው በነሐሴ 22 ቀን ገደማ ነው። በነዚያ ቀኖች ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት በቀትር ጥላ የለውም። በሁለቱ መካከል ባሉት ከአራት ወራት በላይ በሚሆኑ ቀኖች የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ትሆናለች፤ በቀሩት ወራት በስተደቡብ ናት። ታኅሣሥ ውስጥ በስተደቡብ እጅግ ዝቅ በምትልበት ቀን በቀትር ከአድማስ 56 ዲግሪ ገደማ ከፍ ስለምትል፣ አንድ ሜትር ወደ ውጭ የወጣ ክፈፍ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ግድግዳ ያጠላል። በሰኔ ደግሞ በስተሰሜን 76 ዲግሪ ገደማ ስለምትወጣ ያው ክፈፍ አራት ሜትር ያህል ያጠላል። እንግዲህ ለሰሜንና ለደቡብ ግድግዳ ከጣራው የሚወጣ አንድ ሜትር ቆርቆሮ ይበቃል። ለምሥራቅና ለምዕራብ ግን ጠዋትና ማታ ፀሐይዋ ጎንበስ ብላ ስለምትመጣ የትኛውም ክፈፍ አይመልሳትም። ቤቱን ማዞር ከሲሚንቶና ከብረት ሁሉ በፊት የሚመጣ ነገር ሲሆን ዋጋውም ምንም ነው፤ መሠረቱ ከተጣለ በኋላ ግን በምንም ዋጋ አይገኝም።

ክፈፉ በሁለቱም በኩል አንድ ሜትር እንዲሆን ተወሰነ። አባትየው ወደ አምባቸው ተመለሱ፤ ቅር እንዳላቸው ከአካሄዳቸው ያስታውቅ ነበር።

በየካቲት ስመለስ የድንጋዩ መሠረት ከመሬት ከፍ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ ይህም የምስጥ መተላለፊያ በዐይን እንዲታይና በጊዜው እንዲጠረግ ነው። ግድግዳውም እስከ መስኮቱ ደረት ደርሶ ነበር። የተሠራው ከብሎኬት አይደለም። ሲሚንቶ አንድ ሺህ አራት መቶ ዲግሪ በሚያልፍ እሳት ተቃጥሎ የሚሠራ፣ ለአሶሳም ከሩቅ ተጭኖ የሚመጣ ዕቃ ነው፤ ወዳጄ ግን አፈሩን ከራሱ ጓሮ ቈፈረ። የአሶሳ ቀይ አፈር ሸክላነቱ የበዛ ስለ ሆነ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ይህን ለማወቅ ላቦራቶሪ አላስፈለገም፤ በመስታወት ዕቃ ውስጥ አፈርና ውሃ ጨምሮ በጥብጦ አሳደረው፤ በማግሥቱ አሸዋው ከታች፣ ደቃቁ ከመካከል፣ ሸክላው ከላይ ተደራርቦ ተገኘ። አሸዋ ጨመረበት፣ ከመቶው ስድስት እጅ ያህል ሲሚንቶ አከለበት፣ ከዚያም በእጅ በሚሠራ ባለ ማንሻ መጭመቂያ ጡብ አድርጎ ረገጠው። እሳት አልነደደም፤ እንጨት አልተቈረጠም።

የመጀመሪያዎቹ ጡቦች ግን ተበላሹ። ቶሎ ይድረቁ ተብሎ ፀሐይ ላይ ተሰጥተው ነበርና በሳምንት ውስጥ ፀጉር በሚያህል ስንጥቅ ተሞሉ። ሲሚንቶ ያለበት ነገር የሚጠነክረው በመድረቅ ሳይሆን በመርጠብ መሆኑን ወዳጄ የተማረው ያን ጊዜ ነው። ሁለተኛዎቹን በጥላ አስቀምጦ፣ በሣር ሸፍኖ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እያርከፈከፈ አራት ሳምንት ጠበቃቸው። የልጁ እናት «ከሕፃኑ ይልቅ ጡቦቹን ታጠባለህ» እያለች ትቀልድበት ነበር።

በአፈር የተሠራ ቤት የደሃ ቤት ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በአዲስ አበባ በ2002 ዓ.ም. የተሠራውን ቤት ላስታውሰው እወዳለሁ። የኢትዮጵያ የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ሆኖ ሱዱ የተባለ ባለ አንድ ፎቅ መኖሪያ ሠርቷል። ዋናው ዕቃ የአካባቢው አፈር ነው። የፎቁ ወለል ሳይቀር ከአፈር በተሠሩ ስስ ጡቦች እንደ ቅስት ተደርጎ ተሸክሟል። እንግዲህ ጥያቄው አፈር ይቆማል ወይስ አይቆምም የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ እኛ በአፈር ቤት ለመታየት እናፍራለን ወይ የሚለው ሆኗል።

በዚያ የካቲት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጄን በምዕራቡ ግድግዳ ላይ አሳረፍሁ፤ ውጪው ያቃጥላል። ዞሬ በውስጥ በኩል ነካሁት፤ ገና ቀዝቃዛ ነበር። ወፍራም የአፈር ግድግዳ ሙቀቱን ቶሎ አያሳልፍም፤ ብዙ ሰዓት አዝግሞ ነው የሚያሳልፈው። ውስጡ ሲደርስ ምሽት ሆኗል፣ ውጪው ቀዝቅዟል፤ ያን ጊዜ መስኮት ተከፍቶ የሌሊቱ አየር እንዲጠርገው ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ብዙ መልካም ፕላን የሚሰናከለው። በአሶሳ ወባ አለ፤ ሌባም የትም አለ፤ ስለዚህ ሰው ማታ መስኮቱን ዘግቶ ይተኛል። የመስታወቱን ገንዘብ ቀንሶ ለወንፊት ሽቦና ለብረት ፍርግርግ ማዋል የወዳጄ ሐሳብ ነው፤ እኔም ከቤቱ ሁሉ ይህንን የበለጠ ወድጄዋለሁ። በመኝታ ክፍሉ ደግሞ የግድግዳው የላይኛው ክፍል የተጠለፈ ሽመል እንዲሆን አደረገ። ወፍራም ግድግዳ ለቀን ክፍል ጥሩ ነው፤ ለሚተኛበት ክፍል ግን እንደ በርታ ቤት ቶሎ የሚበርድ ግድግዳ ይሻላል።

በሚያዝያ የጣራው ነገር መጣ፤ ችግሩም ከዚያ ጋር መጣ። የአሶሳ ዝናብ ከግንቦት ጀምሮ ይበረታል። የአፈር ግድግዳ ሳይከደን ዝናብ ካገኘው የበጋው ሥራ ከንቱ ይሆናል። በወዳጄ እጅ የቀረው ገንዘብ ቆርቆሮውን ከገዛ በኋላ ለአንድ ነገር ብቻ ይበቃል፤ ወይ ለብረት በርና ለአጥሩ፣ ወይ ለድርብ ጣራ።

ድርብ ጣራ ምን እንደ ሆነ ለማስረዳት ወደ ቡርኪና ፋሶ ልሻገር። ጋንዶ በምትባል መንደር ተወልዶ በበርሊን የሥነ ሕንፃ ትምህርት የተከታተለው ፍራንሲስ ኬሬ እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር በ2001 ለመንደሩ ልጆች አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሠራ። ግድግዳው የሸክላ አፈር ጡብ ነው። የመንደሩ ሰዎች የተማረው ልጃቸው ተመልሶ በጭቃ እሠራለሁ ሲላቸው ተጠራጥረው ነበር። በጡቡ ኮርኒስና በቆርቆሮው ጣራ መካከል ኬሬ ሰፊ ክፍተት ተወ። ቆርቆሮው ከበላዩ እንደ ጃንጥላ ተንሳፎ ጥላ ይሰጣል፤ የጋለው አየር በክፍተቱ ያልፋል እንጂ ወደ ልጆቹ አይወርድም። ይህ ሰው በ2004 የአጋ ኻን ሽልማት አገኘ፤ በ2022 ደግሞ ከሥነ ሕንፃ ሽልማቶች ሁሉ ታላቅ የሆነውን ፕሪትዝከርን ከአፍሪካውያን መጀመሪያ ሆኖ ተቀበለ። ቆርቆሮን አልናቀውም፤ ከሰው ራስ ላይ ራቅ አደረገው እንጂ።

ወዳጄ ኮርኒሱን በሽመል ለማድረግ አሰበ። ሀገራችን ከአፍሪካ ሁሉ የበለጠ የቀርከሃ ምድር ያላት ስትሆን፣ ስፋቱም ሲገመት የኖረው ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር ነው፤ ከዚያም የሚበዛው የቆላው ዐይነት ሆኖ ዋና መገኛው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። በአሶሳ ከተማ ግን አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ኮርኒስ የሚያስመጣው ከአዲስ አበባ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቈጠራል። በዚሁ አንጻር የክልሉ የዳለቲ እብነ በረድ በመኪና እየተጫነ ሄዶ የሌላ ከተማ ሰው ወለል ሲያቀዘቅዝ ይኖራል።

ጠለፋውን የሠሩት አንድ የበርታ ሽማግሌ ናቸው። ወዳጄ ቋንቋቸውን ከልጅነቱ ያውቅ ነበርና እያስተረጐመልኝ ተጨዋወትን። ሽመሉ ከሦስት ዓመት ያነሰ እንዳይሆን፣ የሚቈረጠውም በበጋ እንዲሆን አዘዙ፤ በዝናብ ወራት የተቈረጠ ጣፋጭ ስለ ሆነ ነቀዝ ይወደዋል አሉ። ሳይንሱም ይህንኑ ይላል፤ ነቀዙ የሚፈልገው በእንጨቱ ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። ቀጥሎ ሽማግሌው የተናገሩት ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብሁትም ነበር። የድሮው የሽመል ቤት ብዙ ዓመት የሚቆየው በውስጡ እሳት ስለሚነድ ነው፤ ጭሱ ሽመሉን ያጥነዋል፣ ነቀዝ አይደፍረውም። ዛሬ ማድ ቤቱ ለብቻው ወጣ፤ ለሴቶቹ ዐይንና ለሕፃናቱ ሳንባ ደግ ሆነ፤ ሽመሉ ግን ጠባቂውን አጣ። ከዚያ ወዲህ የተሠራ የሽመል ሥራ በጥቂት ዓመት ውስጥ ዱቄት ሲሆን ሰው «ሽመል አይረባም» አለ። የጭሱን ፋንታ ዛሬ የሚይዘው ቦራክስና ቦሪክ አሲድ የተበጠበጠበት ውሃ ነው። ወዳጄ ጕድጓድ ቈፍሮ፣ ላስቲክ አንጥፎ፣ ስንጥቁን ሁሉ ለቀናት ዘፍዝፎ አወጣው።

ገንዘቡን በምን ላይ እንደሚያውል በተወሰነበት ማታ እኔ አልነበርሁም። ባለቤቱ ሕፃኑን ታቅፋ፣ «በር የሌለው ቤት አይቻለሁ፤ እንቅልፍ የሌለው ቤት ግን ሰልችቶኛል» አለች ይባላል። ድርብ ጣራው ተገዛ። አጥሩ ከሽመል ሆነ፤ የግቢው በርም እንዲሁ ከሽመል ተጠልፎ በገመድ የሚታሰር ሆነ።

በግንቦት የመጀመሪያው ኀይለኛ ዝናብ ሲወርድ በመኝታ ክፍሉ የሽመል ግድግዳ በኩል ፍንጣቂ ገብቶ ፍራሹን አረጠበው። በዚያ በኩል ክፈፉን ግማሽ ሜትር መጨመር ግድ ሆነ፤ ለዚህም ወዳጄ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ ተበደረ። ይህን የምጽፈው ቤቱ እንከን የሌለው መስሎ የሚታየው አንባቢ እንዳይኖር ነው። ከሁሉ የከፋውን ፈተና፣ የየካቲትንና የመጋቢትን ሙቀት፣ ያን ጊዜ ጣራው ተከድኖ ሰው ገብቶበት አላሳለፈውም ነበር።

ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሁት በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ነው። ከሰዓት በኋላ ተቀምጠን ቡና ስንጠጣ ዝናቡ ወረደ። በአሶሳ ዝናብ በባዶ ቆርቆሮ ሥር የተቀመጠ ሰው ያውቀዋል፤ መምህር ያስተማረውን አይሰማም፣ ባልና ሚስት በጥቅሻ ይነጋገራሉ። በዚህ ቤት ግን ድምፁ ከላይ ከሩቅ ይመጣል እንጂ ጨዋታችንን አላቋረጠውም። ሕፃኑ በሽመሉ ግድግዳ አጠገብ ተኝቶ ነበር፤ አንገቱን አየሁት፤ ንጹሕ ነበር። ነሐሴ ሙቀት የለውምና በዚህ ብቻ አልፈርድም። በመስኮት አልባው ግድግዳ ውጪ ወዳጄ የተከላት የማንጎ ችግኝ ጉልበት ታህል ነበር፤ ስታድግ ለምዕራቡ ግድግዳ ጥላ ትሆናለች፤ ለጊዜው ግን ጥላ የምትፈልገው እሷው ራሷ ነች።

አባትየውም በዚያ ነበሩ። በረንዳው ወደ ሰሜን ስለ ሆነ መንገዱ የሚታየው አንገትን ጠምዘዝ በማድረግ ነው፤ እሳቸው ግን በርጩማቸውን እስከ በረንዳው ጫፍ ወስደው መንገዱን ፊት ለፊት ለማየት የሚያስችል ቦታ አግኝተዋል። የሚያልፈው ሰው ሁሉ «እንዴት ዋሉ» ይላቸዋል፤ እሳቸውም ይመልሳሉ። አንድ ጎረቤት ከዝናቡ ሊጠለል ገብቶ ወደ ኮርኒሱ አንጋጠጠና ማን እንደ ሠራው ጠየቀ። ሽማግሌው ልጃቸው ከመመለሱ በፊት ቀድመው፣ ስለ ሽመሉ ዕድሜና ስለ ተዘፈዘፈበት ውሃ አንድ በአንድ አስረዱት፤ ራሳቸው የቈረጡት እስኪመስል ድረስ።

ጎረቤቱ ሲወጣ የሽመሉን በር የሚያስረው ገመድ በዝናብ ርሶ ስለ ጠበቀ አልፈታ አለው። ሽማግሌው ሲታገል ከተመለከቱት በኋላ ወደ ልጃቸው ዘወር አሉና፣ «ይህ ሁሉስ መልካም ነው» አሉት፤ «የብረቱ በር ግን መቼ ነው የሚገባው?»